ካልኩሌተሩ «ትበራለች» ያላት ሞዴል አውሮፕላን ባሕር ዳር ላይ ለምን ወደቀች?

ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ ያለ ሜዳ ነው። ፀሐይዋ አናት ላይ ናት። አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ከፎም ቆርጦ የሠራትን አውሮፕላን ይዞ ቆሟል። ክንፏ ከጫፍ እስከ ጫፍ 120 ሴንቲሜትር ነው። ከነባትሪዋ 900 ግራም ትመዝናለች። ልጁ ፎሙን መቁረጥ ከመጀመሩ በፊት ልኬቶቿን በሙሉ ኢንተርኔት ላይ ባለ ካልኩሌተር ውስጥ አስገብቷል። ካልኩሌተሩም «በሰዓት 27 ኪሎ ሜትር ከደረሰች ክንፏ ይሸከማታል» ብሎታል።

ሮጦ ወረወራት። አፍንጫዋን ቀና አድርጋ ጥቂት ሄደች። ከዚያ ግራ ክንፏን ጥላ ሳሩ ላይ ተተከለች።

ልጁ ልኬት አልተሳሳተም። ካልኩሌተሩም ማባዛትና ማካፈል አልሳተም። ችግሩ አንድ ነገር ሳይጠይቅ በራሱ መገመቱ ነው። አውሮፕላኗ በባሕር ጠለል ከፍታ ላይ የምትበር መስሎታል። ባሕር ዳር ደግሞ ስሟ ውስጥ «ባሕር» ቢኖርም፣ ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው።

ያን ካልኩሌተር የምንሠራው እኔና አንድ ጓደኛዬ ነን። ስለዚህ የዚያች አውሮፕላን መውደቅ የኛም ጉዳይ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ብዙ ነገር ቀይረናል። እግረ መንገዴንም እንዲህ ያለ ካልኩሌተር ውስጡ ምን እንደሚሠራ፣ ቁጥሮቹ ከየት እንደሚመጡ፣ የትኛውን ማመን፣ የትኛውን መጠርጠር እንደሚገባ በቀላሉ ላስረዳ።

የዲዛይን ካልኩሌተር ምን ይሠራል?

ልብስ ሰፊ ጨርቁን ከመቁረጡ በፊት ይለካል። አንዴ ከቆረጠ በኋላ መመለስ የለም። ሞዴል አውሮፕላንም እንደዚያው ነው። ካልኩሌተሩ የክንፉን፣ የጭራውንና የክብደቱን ልኬት ይቀበላል። ከዚያ ፎም ሳይባክን በፊት ጥቂት ነገሮችን ይነግራችኋል። አውሮፕላኗ ሳትወድቅ ልትሄድ የምትችልበት ዝቅተኛ ፍጥነት ስንት ነው? ሚዛኗ የት ላይ ማረፍ አለበት? ጭራዋ በቂ ነው ወይስ ትንሽ? ሞተሩና ፕሮፔለሩስ ይችሏታል?

ውስጡ ምስጢር የለም። ሰው ሠራሽ አስተውሎትም አይደለም። በወረቀትና በእስክርቢቶ ሊሠሩ የሚችሉ ጥቂት ቀመሮች ናቸው። ካልኩሌተሩ ያፈጥናቸዋል እንጂ አዲስ እውቀት አይፈጥርም። ይህን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ስክሪን ላይ የወጣን ቁጥር ከወረቀት ላይ ቁጥር አብልጦ ያምናል።

የጎጃም አየር ምን ልዩነት አለው?

ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ በአውቶቡስ የወረደ ሰው ጆሮው ሲደፈን ያውቀዋል። ወደ ታች በወረድን ቁጥር ከላያችን ያለው አየር ይበዛል፤ ይጫነናል። ወደ ላይ ስንወጣ ደግሞ ይሳሳል። ደብረ ማርቆስ ላይ ውሃ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ የሚፈላው፣ ባቄላውም ምድጃ ላይ የሚቆየው በዚሁ ምክንያት ነው።

አየር ክብደት አለው። በባሕር ጠለል ላይ፣ በ15 ዲግሪ ሙቀት፣ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.225 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ይህ ቁጥር በአውሮፕላን ሥራ ውስጥ እንደ መነሻ የሚያዝ ዓለም አቀፍ ልክ ነው። የአየሩ እፍጋት ይባላል። ባሕር ዳር ላይ፣ በ27 ዲግሪ ሙቀት፣ ያው አንድ ሜትር ኩብ አየር 0.95 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ነው። 2,450 ሜትር አካባቢ ላይ ያለችው ደብረ ማርቆስ በ22 ዲግሪ ወደ 0.89 ትወርዳለች። በሌላ አነጋገር ባሕር ዳር ላይ በቀትር ከመነሻው አየር ወደ ሩብ የሚጠጋ ይጎድለናል።

ክንፍ የሚሸከመው ደግሞ በአየር ነው። የማንሻው ኃይል በአራት ነገሮች ይወሰናል፦ በአየሩ እፍጋት፣ በፍጥነቱ፣ በክንፉ ስፋት (ርዝመቱ በወርዱ ተባዝቶ) እና ክንፉ በቅርጹና አየሩን በሚገጥምበት ማዕዘን ባለው የማንሳት ችሎታ። ከእነዚህ ውስጥ ፍጥነት የተለየ ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ አየሩ ሲሳሳ ጉድለቱን በፍጥነት መሙላት ይቻላል።

የዚያን ልጅ አውሮፕላን እንውሰድ። ክንፏ ርዝመቱ 120፣ ወርዱ 20 ሴንቲሜትር ነው። በባሕር ጠለል ዝቅተኛ ፍጥነቷ በሰዓት 27 ኪሎ ሜትር ገደማ ይወጣል። ባሕር ዳር ላይ በቀትር 30 ይሆናል። ደብረ ማርቆስ ላይ 31 ይደርሳል።

«3 ኪሎ ሜትር ምን አላት?» ሊባል ይችላል። ግን አውሮፕላኗን ወደ ፍጥነት የሚያደርሳት የልጁ እግርና ክንድ ነው። እሱ ሮጦ 28 ላይ ቢወረውራት፣ ሞምባሳ ባሕር ዳርቻ ላይ ትበር ነበር። ጣና ዳር ግን ትወድቃለች። ከዝቅተኛው ፍጥነት በታች የሆነ ክንፍ አፍንጫው ቢነሳም አየሩን ይለቃል። ይህ ስቶል ይባላል። አንዱ ክንፍ ከሌላው ቀድሞ ሲለቅ አውሮፕላኗ ወደዚያ ጎን ትገለበጣለች። ግራ ክንፏ የወረደው ለዚህ ነው።

መፍትሔው ምንድን ነው? በ27 እንድትበር ከፈለግን ከ900 ግራም ወደ 695 ግራም ማቅለል ነው። ካልሆነ ክንፏን ከ2,400 ወደ 3,100 ሴንቲሜትር ካሬ ማስፋት ነው። ሦስተኛውና ርካሹ መንገድ ሰዓት መምረጥ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሙቀቱ 12 ዲግሪ ከሆነ የባሕር ዳር አየር ከቀትሩ በ5 በመቶ ይወፍራል። ንፋሱም ገና አልተነሳም። እኔ ብሆን የመጀመሪያ በረራ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በኋላ አላደርግም።

አሁን ካልኩሌተራችን ከሁሉ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ ከፍታ ስንት ነው? ሙቀቱስ? ሳይሞላ የቀረ ከሆነ ዝም ብሎ አይገምትም። «የባሕር ጠለል አየር ወስጃለሁ» ብሎ ከውጤቱ ጎን በጉልህ ይጽፋል። ከሠራናቸው ማሻሻያዎች ሁሉ ትልቁ ይህች አንድ መስመር ናት ብዬ አምናለሁ። ካልኩሌተር መገመቱ ጥፋት አይደለም። ግምቱን መደበቁ ነው ጥፋቱ።

ሚዛኗ የት ላይ ነው የሚያርፈው?

ጣና ላይ በደንገል ታንኳ የተሳፈረ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ጭነቱ ወደ ኋላ ከበዛ የታንኳዋ አፍንጫ ይነሳል፤ ቀዛፊው አቅጣጫ መያዝ ያቅተዋል። ወደ ፊት ከበዛ አፍንጫዋ ውሃ ውስጥ ይገባል። አውሮፕላንም አየር ላይ እንዲሁ ናት። ልዩነቱ ታንኳ ሲያዘነብል ቦታ ለመቀየር ጊዜ መኖሩ ነው። አውሮፕላን ያን ያህል ጊዜ አትሰጥም።

ሁለት ነጥቦችን መለየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው የሚዛን ነጥብ ነው። አውሮፕላኗን ክንፎቿ ሥር በሁለት ጣት ስትይዟት ወደ ፊትም ወደ ኋላም ሳታዘነብል የምትቆምበት ቦታ ማለት ነው። ሁለተኛው ገለልተኛ ነጥብ ይባላል። ንፋስ አፍንጫዋን ቀና ሲያደርገው ክንፍና ጭራ ላይ የሚጨመረው ኃይል ተደምሮ የሚያርፍበት ቦታ ነው። የሚዛን ነጥቡ ከገለልተኛው ነጥብ ፊት ከሆነ፣ ያ ተጨማሪ ኃይል ኋላዋን አንስቶ አፍንጫዋን ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ከኋላው ከሆነ ግን የተነሳውን አፍንጫ የባሰ ያነሳዋል። ያኔ የሰው እጅ አይደርስላትም። ጦር ሲወረወር ብረቱ ከፊት የሆነው ለመውጋት ብቻ አይደለም። በቀጥታ እንዲሄድም ነው።

ገለልተኛውን ነጥብ ወደ ኋላ የሚስበው ጭራው ነው። ድንጋይ በድጅኖ የፈነቀለ ሰው ረጅም ድጅኖ ጉልበት እንደሚቆጥብ ያውቃል። ጭራም እንደዚያ ነው። ትንሽ ጭራ ከሩቅ፣ ትልቅ ጭራ ከቅርብ፣ አንድ ዓይነት ሥራ ሊሠሩ ይችላሉ። ስለዚህ የጭራው ስፋት በርቀቱ ይባዛል። ከዚያ በክንፉ ስፋትና ወርድ ብዜት ይካፈላል።

በዚያች አውሮፕላን እንየው። ጭራዋ 40 በ11 ነው፤ 440 ሴንቲሜትር ካሬ ማለት ነው። ከክንፏ እስከ ጭራዋ 55 ሴንቲሜትር አለ። ርቀቱ የሚለካው ከፊት ጠርዝ የወርዱ አንድ አራተኛ ላይ ካለው የክንፉ ነጥብ፣ ጭራው ላይ እስካለው ተመሳሳይ ነጥብ ነው። 440 ሲባዛ በ55፣ 24,200 ይሆናል። የክንፉ 2,400 ሲባዛ በ20 ደግሞ 48,000 ነው። ሲካፈል ግማሽ፣ 0.5 ይመጣል። ለጀማሪ አውሮፕላን ጥሩ ቁጥር ነው።

ከዚህ ተነስቶ ካልኩሌተራችን ገለልተኛውን ነጥብ ከክንፉ የፊት ጠርዝ 9.3 ሴንቲሜትር ላይ ያደርገዋል። የሚዛን ነጥቡ ከዚያ ፊት የወርዱን ከ10 እስከ 15 በመቶ ያህል እንዲሆን ይመከራል። ወርዱ 20 ስለሆነ ከ2 እስከ 3 ሴንቲሜትር ነው። ስለዚህ ሚዛኗ ከ6.3 እስከ 7.3 ላይ ይውላል። ለመጀመሪያ በረራ 6.3 ይሻላል። አፍንጫዋ የከበደ አውሮፕላን ደከም ብላ ትበራለች፤ ጭራዋ የከበደ ግን ብዙውን ጊዜ ሁለተኛ በረራ አታይም።

እዚህ ላይ የሚደጋገም ጥያቄ አለ፦ «ሌላ ካልኩሌተር 8.9 አለኝ፤ የቱ ነው ውሸታም?» አንዳቸውም አይደሉም። ክንፍ ያለፈበት አየር ወደ ታች ይገፋል። ጭራው የሚያገኘው ያንን የተገፋ አየር ነው። በዚህ ምክንያት ጭራው ከአቅሙ በታች ይሠራል። በስንት ይቀንሳል የሚለውን የተለያዩ ቀመሮች በተለያየ መንገድ ይገምቱታል። የ4 ሚሊሜትር ልዩነት የመጣው ከዚያ ነው። የ2 ሴንቲሜትር ማምለጫ የምንተወውም እንዲህ ያለው ልዩነት እንዳይጎዳን ነው። በፊት ካልኩሌተራችን «9.336» ብሎ ይጽፍ ነበር። ሦስቱ የነጥብ ቁጥሮች ልክ የሌለው እርግጠኝነት ይሰጣሉ። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን አጥፍተናል። በእጅ የተቆረጠ ፎም እስከ ሚሊሜትር ድረስ እንኳ አይታመንም።

ሚዛኑን ለማስተካከል እርሳስና ድንጋይ አፍንጫ ውስጥ ከመጨመር ባትሪውን ማንሸራተት ይሻላል። 180 ግራም የሚመዝን ባትሪ 5 ሴንቲሜትር ወደ ፊት ቢገፋ፣ የ900 ግራሟን አውሮፕላን ሚዛን 1 ሴንቲሜትር ወደ ፊት ያመጣዋል። ክብደት ሳትጨምሩ ማለት ነው። ሳስቶ በሚጠብቀን አየር ላይ እያንዳንዱ ግራም ዋጋ አለው።

ሞተርና ፕሮፔለርስ?

ፕሮፔለርም ክንፍ ነው፤ የሚዞር ክንፍ። በባሕር ጠለል 700 ግራም የሚጎትት ፕሮፔለር በዚያው የዙር ፍጥነት ባሕር ዳር ላይ በቀትር 540 ግራም ያህል ነው የሚጎትተው። አየሩ ሲሳሳ ሸክሙ ስለሚቀልለት ሞተሩ ትንሽ ፈጠን ይላል፤ ጥቂቱን ይመልሳል። ሁሉንም ግን አይመልስም።

«ታዲያ ትልቅ ፕሮፔለር ልግጠም» ማለት ትክክል ነው፤ ግን በልክ። ፕሮፔለር የሚበላው ጉልበት በዲያሜትሩ አምስተኛ ርቢ ያድጋል። ከ9 ኢንች ወደ 10 ብትሄዱ፣ ዙሩ ሳይቀየር፣ 69 በመቶ ተጨማሪ ጉልበት ይጠይቃል። ሞተር የሚቃጠለው እንዲህ ነው። ከ9 ወደ 9.5 ብትሄዱ ግን በባሕር ዳር አየር ላይ ሸክሙ በባሕር ጠለል ከነበረው ጋር እኩል ይሆናል፤ ጉተታውም ወደ 670 ግራም ይመለሳል። ግማሽ ኢንች ትንሽ ትመስላለች፤ ከጉድለቱ አብዛኛውን የምትሞላው ግን እሷ ናት።

ሞተሩ ላይ የተጻፈው ኬቪ አንድ ቮልት ሲሰጠው ያለ ሸክም በደቂቃ ስንት ዙር እንደሚዞር ይናገራል። 1,000 ኬቪ ሞተር ባለ ሦስት ሴል ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪ ላይ፣ በ11.1 ቮልት፣ 11,100 ዙር ማለት ነው። ፕሮፔለር ሲገጠምለት ይቀንሳል። ኬቪ የጉልበት መለኪያ አይደለም። ብዙ ሰው ኬቪው የበዛውን «ጠንካራ ሞተር» ብሎ ይገዛና ይቆጨዋል።

ትንሽ ክንፍ ለምን እንደ ትልቅ ክንፍ አይሠራም?

አንድ ትልቅ ሰው ማር ውስጥ እጁን ከትቶ ማንቀሳቀስ ይችላል። ንብ ግን እዚያው ትቀራለች። ማሩ አንድ ነው፤ የተለየው የሚገባበት ነገር መጠን ነው። አየርም ለትንሽ ክንፍ ከትልቅ ክንፍ ይልቅ ተጣባቂ ነው።

ይህን በቁጥር የሚገልጸው የሬይኖልድስ ቁጥር ነው። ስሙ የመጣው ከኦስቦርን ሬይኖልድስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1883 በብርጭቆ ቱቦ በሚፈስ ውሃ ውስጥ ቀለም ለቆ፣ ፍሰቱ መቼ ቀጥ ብሎ እንደሚሄድ፣ መቼ እንደሚታወክ ያሳየ ሰው ነው። የመንገደኞች አውሮፕላን ክንፍ ላይ ይህ ቁጥር በአሥር ሚሊዮኖች ይቆጠራል። የኛ ልጅ አውሮፕላን ባሕር ዳር ላይ በዝቅተኛ ፍጥነቷ 86,000 አካባቢ ናት። ስለዚህ ለትልልቅ አውሮፕላኖች የተለካ የክንፍ ቅርጽ መረጃ እንዳለ ተወስዶ እሷ ላይ ቢጫን ያሳስታል።

ማርክ ድሬላ የተባሉ ኤም.አይ.ቲ. በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ሰው እ.ኤ.አ. በ1986 የጀመሩት ኤክስፎይል የተባለ ፕሮግራም በእንዲህ ያለ ዝቅተኛ ቁጥር ላይ የክንፍ ቅርጾች እንዴት እንደሚሠሩ ለማስላት እስከ ዛሬ ያገለግላል። ነፃ ነው። ካልኩሌተራችን የሚያወጣውን የክንፍ ችሎታ ከእሱ ውጤት ጋር እናስተያያለን። ለጊዜው አንድ ምክር ይበቃል፦ የክንፉን ጫፍ አታሹሉት። ጫፉ 8 ሴንቲሜትር ከሆነ ቁጥሩ እዚያ ላይ ወደ 34,000 ይወርዳል፤ ክንፉ አየሩን መጀመሪያ የሚለቀውም ጫፉ ላይ ይሆናል።

«የክንፍ ስፋት ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ምን ችግር አለው?

ይህ ከቀመሮቹ ሁሉ በላይ ያስቸገረን ጉዳይ ነው።

ካልኩሌተሩን በአማርኛ ስንሠራ የመጀመሪያው ጥያቄያችን «የክንፍ ስፋት» የሚል ነበር። አንዱ 120 ብሎ ይሞላል። ሌላው 20 ይላል። ሌላው ደግሞ 2,400። ሦስቱም ትክክል ናቸው! በአማርኛ «ስፋት» የአንድን ነገር ከጎን እስከ ጎን መጠን ይናገራል። «የመሬቱ ስፋት ስንት ነው?» ስንል ደግሞ ርዝመት ተባዝቶ በወርድ የሚመጣውን ማለታችን ነው። ቃላችን ሀብታም ነው። ካልኩሌተር ግን አንድ ሳጥን ውስጥ አንድ ትርጉም ብቻ ይፈልጋል።

አሁን «ስፋት» የሚለውን ቃል ከጥያቄው አውጥተነዋል። «የክንፉ ርዝመት፣ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ» እንላለን። «የክንፉ ወርድ፣ ከፊት ጠርዝ እስከ ኋላ ጠርዝ» እንላለን። ስፋቱን ራሱ ያሰላዋል። ከጎኑ ቀስት ያለው ሥዕል አለ። «ክብደት» የሚለውም እንደዚሁ ነበር። ባትሪ ሳይጨምር የሚሞላ ብዙ ነው። «ለመብረር እንደተዘጋጀች፣ ከነባትሪዋ» ብለን ጻፍን፤ ስህተቱ ወዲያው ቀነሰ።

የመለኪያ አሃድም አለ። ፕሮፔለር በኢንች ይሸጣል። ፎም በሴንቲሜትር ይቆረጣል። ከውጭ አገር የተወረደ ፕላን በኢንችና በአውንስ ሊሆን ይችላል። የዚህ መደባለቅ ትልልቆቹንም አልማረም። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1983 አንድ የኤር ካናዳ ቦይንግ 767 አየር ላይ ሳለ ነዳጁ አለቀ። አገሪቱ ወደ ሜትሪክ እየተሸጋገረች ነበር። በኪሎ ግራም መሞላት የነበረበት ነዳጅ በፓውንድ ተሰልቶ፣ ከሚያስፈልገው ግማሽ እንኳ የማይሞላ ይዞ ተነሳ። አብራሪዎቹ ያለ ሞተር ተንሸራተው ጊምሊ በምትባል ከተማ አሮጌ የአየር ኃይል ሜዳ ላይ አሳረፉት። ማንም አልሞተም። የተሳሳተው ሒሳቡ አልነበረም፤ አሃዱ ነበር።

ስለዚህ እያንዳንዱ ሳጥን አጠገብ አሃዱ ይጻፋል፤ ይመረጣል። የማይመስል ቁጥር ሲገባም ካልኩሌተሩ ይጠይቃል። የክንፍ ርዝመት 120 ሜትር ብሎ ለገባ ሰው «ሴንቲሜትር ማለትዎ ነው?» ይላል። መከልከል የለበትም። መጠየቅ ግን አለበት።

ትክክል መሆኑ በምን ይታወቃል?

ገበያ ላይ ሚዛን የሚፈተሸው በታወቀ ኪሎ ነው። ካልኩሌተርም መልሱ አስቀድሞ በሚታወቅ ጥያቄ ይፈተሻል።

ለምሳሌ ክንፉ ሁሉ ቦታ እኩል ወርድ ካለው፣ አማካይ ወርዱ ያው ራሱ ወርዱ መሆን አለበት። 20 አስገብቶ 19.8 ከወጣ ቀመሩ ውስጥ ስህተት አለ። ክንፉ ጫፉ ላይ የሚያልቅ ሦስት ማዕዘን ከሆነ ደግሞ ለሚዛን ስሌት የሚያገለግለው አማካይ ወርድ የሥሩ ሁለት ሦስተኛ ነው። ሥሩ 30 ከሆነ መልሱ 20 ነው፤ ሌላ ሊሆን አይችልም። ጭራ ከሌላትና ክንፏ ቀጥ ካለ አውሮፕላን ገለልተኛ ነጥብ ከወርዱ ሩብ ላይ መውደቅ አለበት። ክብደቱ አራት እጥፍ ሲሆን ዝቅተኛው ፍጥነት በትክክል እጥፍ መሆን አለበት።

እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች ዝርዝር አለን። አንድ ቃል እንኳ ስንቀይር ኮምፒውተሩ ሁሉንም ደግሞ ይሠራቸዋል። አንዱ ከሳተ ለውጡ አይወጣም። ከተጠቃሚ የሚመጣ ስህተት ሲገኝም መጀመሪያ ያንን ስህተት የሚያሳይ ጥያቄ ዝርዝሩ ውስጥ እንጨምራለን፤ ከዚያ እናርመዋለን። አንዴ የታረመ ስህተት ተመልሶ እንዳይመጣ ነው።

ስሌቱ ሁሉ የሚሠራው በተጠቃሚው ስልክ ላይ ነው። ገጹ አንዴ ከተከፈተ ሜዳ ላይ ኔትወርክ ቢጠፋም ይሠራል። ከተማ ውስጥ ቁጭ ብሎ ለሚሠራ ሰው ይህ ትንሽ ነገር ሊመስለው ይችላል። ዳንግላ አካባቢ ሜዳ ላይ ቆሞ ባትሪ ለሚያንሸራትት ሰው ግን ሁሉ ነገር ነው።

ቀመሩ ሲቀየር የድሮው ዲዛይን ምን ይሆናል?

የከፍታውን ጥያቄ ስንጨምር፣ ትናንት «27» የተባለ ሰው ዛሬ «30» ሊያይ ነው። በዝምታ መቀየር አይገባም። እያንዳንዱ ውጤት ሥር የተሰላበት ቀንና የቀመሩ እትም ቁጥር አለ። የተቀመጠ ዲዛይን ሲከፈት የድሮውና የአዲሱ ውጤት ጎን ለጎን ይታያሉ። ለምን እንደተለያዩም በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፋል።

ካልኩሌተሩ የማያውቀው ምንድን ነው?

ክንፋችሁ የተጣመመ መሆኑን አያውቅም። አንዱ ክንፍ በ2 ዲግሪ ቢጠመዘዝ አውሮፕላኗ ቀጥ ብላ አትሄድም። ሙጫው መድረቁን አያውቅም። የክንፉን አጥንት ከምን እንደሠራችሁትም ገና አይጠይቅም። እኛ ጋ የእንጅባራ ቀርከሃ አለ። ተሰንጥቆ፣ ተላጎ ከፎሙ ውስጥ ሲገባ ጠንካራና ቀላል አጥንት ይወጣዋል። ግን አንዱ ቀርከሃ እንደ ሌላው አይደለም። በዕድሜው፣ በድርቀቱ፣ በተቆረጠበት ቦታ ይለያያል። አንድ ቁጥር ሰጥተን ሰው እንዲያምነው አልፈለግንም። አሁን ስንጥሮችን በሁለት ድንጋይ መሃል አጋድመን፣ ክብደት እያንጠለጠልን ስንት እንደሚጎብጡ እየለካን ነው። በቂ ልኬት ሲኖር ይገባል።

ሰው ያለበትን ቦታም አያውቅም። 900 ግራም በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ሰው ላይ ብትመጣ ትጎዳለች። ከሰው፣ ከከብት፣ ከመንገድና ከኤርፖርት ራቁ። ከማብረራችሁ በፊት የሚመለከተውን አካል ጠይቁ፤ ፈቃድ ያዙ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የእናንተ ነው። ጠዋት ሳሩ ረዘም ያለበት ሜዳ ሂዱ። ሞተሩን አታስነሱ። ፊታችሁን ወደ ንፋሱ አድርጋችሁ፣ አውሮፕላኗን በትከሻችሁ ልክ ያዙ፤ አፍንጫዋን ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ ወደ ፊት ግፏት። አፍንጫዋን አንስታ ቆም ካለችና ከወደቀች ባትሪውን 1 ሴንቲሜትር ወደ ፊት ግፉ። በቀጥታ መሬት ከወጋች 1 ሴንቲሜትር ወደ ኋላ መልሱ። ያ ልጅ ክንፏን ጠግኖ፣ አላስፈላጊውን ፎም ከውስጧ ጠርቦ፣ በ740 ግራም ተመለሰ። ስድስት ጊዜ ገፋት። በሰባተኛው ሳሩን ሳትነካ ሃያ እርምጃ ያህል ተንሸራተተች። ሞተሩን ያስነሳው ከዚያ በኋላ ነው።